ጡረታዬን የበላች ቪትስ

እኔ ሰውዬ ምን በድዬ ነው? ከሃያ ዓመት በላይ ኤንትሬ ከነተሳቢው ይዤ አሰብ ስመላለስ፣ ጣርማ በርን በጭጋግ ወርጄ ሚሌ ላይ በሐሩር ስቀቀል፣ አንድም ቀን ፍሬን አሳፍሮኝ አያውቅም። አሁን ጡረታ ወጥቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ ባልኩበት ዕድሜ፣ አክንባሎ የምታክል ቪትስ እንቅልፍ ነሳችኝ።

መኪናዋ የልጅ ልጄ ናት። የእሱ ናት ስል ግን ሊብሬው ላይ ነው፤ የምትበላው የእኔን ጡረታ ነው።

ልጁ ባንክ ቤት ተቀጥሮ ሁለት ዓመት እንደሠራ ቁጠባውን፣ ብድሩንና የእናቱን ዕቁብ አንድ ላይ ጠቅልሎ ገዛት። ቪትስ መግዛቱን አልነቅፍም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው፤ በ2016 ደግሞ ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ጭራሽ አይግባ ተባለ። እንግዲህ አገር ውስጥ ያለችው ቪትስ እንደ ርስት ከእጅ ወደ እጅ ትተላለፋለች እንጂ አትሞትም። እሱ የገዛት ከመጀመሪያዎቹ ናት፤ ቶዮታ በፈረንጅ 1999 ማውጣት ከጀመረው ዘር። ሞተሯ 997 ሲሲ ነው። አንድ ሊትር ለመሙላት ሦስት ሲሲ ይጎድላታል። ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶ ምን አነሳት? ቤንዚን አትጠጣም፣ ትቀምሳለች እንጂ።

እሱ ግን በገዛት በሳምንቱ ሶማሌ ተራ ሄዶ «አር ኤስ» የሚል ምልክት ገዝቶ ከኋላዋ ለጠፈባት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ስፖርት ማለት ነው፣ አባባ።»

«ስፖርቱን የሚሠራው ማን ነው? እሷ ናት ወይስ አንተ?»

ኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት አር ኤስ የሚባል የቪትስ ዓይነት እውነትም አለ። ባለ 1.5 ሊትሩ ሞተሩ ጠንከር ያለ፣ የኋላ እግሩ ሳይቀር በዲስክ የሚቆም ነው። የእኛዋ ግን ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር፣ በመሀል አንድ የባንክ ሠራተኛ ነው ያላት። ፊደል በመለጠፍ ስፖርተኛ የሚኮን ከሆነ እኔም ጋቢዬ ጀርባ ላይ «አበበ ቢቂላ» አስጽፌ ልሩጥ።

በሁለተኛው ወር ሞላዋን አስቆረጠ።

እስቲ አስቡት። አገሩ ሁሉ ጉድጓዱን ፈርቶ መኪናውን ከፍ ለማድረግ ሞላው ላይ ስፔሰር ያስደርባል። የእኔው ጉድ ዝቅ ለማድረግ ይከፍላል። እነሱ ከፍ ያደረጉትና እሱ ዝቅ ያደረገው ቢደመር መኪናው ሁሉ ፋብሪካ ያስቀመጠው ቦታ ላይ በነፃ ይቆም ነበር።

«ዝቅ ስትል ኩርባ ላይ አትጋደልም፣ አባባ» አለኝ።

ይሄ ውሸት አይደለም። ተሳቢ የጎተተ ሰው ክብደት ከፍ ሲል ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ግን ኩርባው የት አለ? ከቤታችን እስከ ባንክ ቤቱ ድረስ ቆጥሬያለሁ፤ ኩርባ ሁለት፣ የፍጥነት መገደቢያ ዘጠኝ። በሁለቱ ኩርባ ለመመስገን በዘጠኙ መገደቢያ ይሰደባል።

የተሰደበው ደግሞ በእኔ ባለቤት ነው። የእህቴ የልጅ ልጅ ክርስትና ዕለት ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራው ያደረችውን ዶሮ ወጥ ከነድስቱ በጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከፊት ተቀመጠች። እኔ ከኋላ፣ ጉልበቴን አገጬ ላይ አድርጌ። ቪትሷ የመጀመሪያውን መገደቢያ ሆዷን እያስፋቀች አለፈችው። ብረት ምጣድ በአሸዋ ሲፈተግ የሚሰማው ድምፅ ነው የተሰማው። ሁለተኛው ላይ የፊት እግሮቿ ተሻገሩና ሆዷ ጉብታው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ወደ ፊትም የለም፣ ወደ ኋላም የለም።

«ትንሽ ቀለል እንዲላት ውረዱላት» አለን ልጁ።

ወረድን። ባለቤቴ ከነጥለቷ፣ ከነነጠላዋ፣ ድስቱን እንዳቀፈች አስፋልቱን ይዛ ቀደመች። ቪትሷ ከጉብታው ተላቃ ከኋላ ከኋላዋ ትከተላት ጀመር፤ ልክ እንደ ሙሽራ አጃቢ። የሊስትሮ ልጆች አጨበጨቡ። ተመልሰን ተሳፈርንና ኮብልስቶኑ ላይ ስንደርስ ግን መኪናዋ እንደ ወንፊት ትነፋን ገባች። የድስቱ ክዳን ዘለለ። ቀዩ ወጥ ነጭ ነጠላዋ ላይ አዲስ ጥለት ሠራ። አንድ እንቁላል እየተንከባለለ ማርሹ ሥር ገባ፤ እስከ ዛሬ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ቅመም ቅመም ይለኛል።

ባለቤቴ ክርስትናው ቤት እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰችም። ስትወርድ ብቻ «ይቺ መኪና መካኒክ ሳይሆን ንስሐ አባት ነው የሚያስፈልጋት» አለች።

ማታ ልጁን አስቀምጬ አስረዳሁት። ሞላ ሲጠቀለል ጥቅሉ በቁጥር ነው። ጥቅል ሲቀነስ ሞላው ማጠሩ ብቻ አይደለም፤ ይደርቃል። ረጅም ዱላ ይተጣጠፋል፣ አጭሩ እምቢ ይላል። በዚያ ላይ የቆረጠለት ጎበዝ በጋዝ እሳት ነው የቆረጠው። ብረቱ እንደዚያ ሲግል ጠባዩ ይለወጣል፤ ነገ ሊረግብ፣ ሊሰበርም ይችላል። አሞርዛተሩ ደግሞ የተሠራው ለድሮው ቁመት ስለሆነ የሚወጣና የሚወርድበት መንገድ አለቀበት። ትንሽ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር መጨረሻው ድረስ ሄዶ ይላተማል። ነጠላ ላይ ያለውን ጥለት የሠራው ያ ነው።

«ገባህ?»

«ገባኝ፣ አባባ። ግን ስታያት አታምርም?»

እዚህ ላይ ነው ባለቤቴ ነጠላዋን ከምታጥብበት ጎድጓዳ ሳህን ቀና ብላ ጉዴን ያወጣችው። «ያንተስ በረሮ?» አለችኝ።

እንግዲህ ልናዘዝ። በ1964 አንዲት ሰይቼንቶ ነበረችኝ። ፊያት 600፣ ሞተሯ ከኋላ፣ 767 ሲሲ፣ አራቱም እግሯ በታምቡር የሚቆም፣ ከፊቷ በሞላ ምትክ አግድም የተጋደመ ባሌስትራ ያላት። ጣልያን አገር ካርሎ አባርት የሚባል ሰው ይችኑ ሰይቼንቶ እየሞረደ የውድድር መኪና አድርጓት ነበር። ምልክቱ ጊንጥ ነው። የእሱ መኪኖች ሞተራቸው አየር እንዲያገኝ የኋላ ክዳናቸውን ደግፈው ከፍተው ነው የሚሮጡት። እኔ ይህንን አንድ ጋራዥ ውስጥ የጣልያን መጽሔት ላይ አየሁ። በማግስቱ የእኔንም ክዳን በባሕር ዛፍ ቁራጭ ደግፌ ከፍቼ መንዳት ጀመርኩ። አየር ያግኝ ብዬ ነው፤ ያገኘው ግን የሐምሌን ዝናብ ነው። ማርሚታዋን አስበሳሁ። ከዚያ አንድ የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ ሠዓሊ ዘንድ ሄጄ በሩ ላይ ጊንጥ ሣልልኝ አልኩት። ሰውየው ጊንጥ በቅርብ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ የሣለው ነገር ጢም አወጣ። ሰፈሩ ሁሉ ድምፄን በሰማ ቁጥር «በረሮዋ መጣች!» ይል ነበር። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በመስኮት ብቅ ብለው «ልጄ የሚጮህ ገዛ፤ የሚቆም መቼ ይገዛ ይሆን?» ይሉ ነበር።

ልጁ ሳቁን ሲጨርስ መሬት ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስቆጣው በሆዱ በረሮ እንደሚለኝ ዓይኑ ይናገራል። አንድ ሽማግሌ ክብሩን ለማጣት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል? ለእኔ አንድ ነጠላ እስኪታጠብ በቃኝ።

ቢሆንም ውል ገባን። እኔ ከጡረታዬ እከፍላለሁ፣ እሱ ይሰማል። እኔ ድርሻዬን ተወጣሁ።

የተቆረጠውን ሞላ አውልቀን ከተጋጨች ቪትስ የወጣ ያልተነካ ሞላ አስገባን። የተቆረጡት ቁራጮች ቤት ውስጥ ቀሩ። ባለቤቴ አንዱን አንስታ አገላብጣ አየችውና ጀበናዋን አስቀመጠችበት። ልክ ሆነ! እስከ ዛሬ ማቶታችን እሱ ነው። ቡናው ሲፈስ ጀበናው ፍንክች አይልም። ልጁ ካወጣው ገንዘብ ሁሉ ቤታችን የደረሰው እሱ ብቻ ነው።

አሞርዛተር ለመግዛት ሶማሌ ተራ አብሬው ሄድኩ። እዚያ ሰፈር ጋቢ ለብሶ መግባት ዋጋ ያስጨምራል፤ ስለዚህ ካፖርቴን ለበስኩ። ብዙ ሰዎች አሞርዛተር መኪና የሚሸከም ይመስላቸዋል። የሚሸከመው ሞላ ነው። የአሞርዛተር ሥራ ሞላውን ዝም ማሰኘት ነው፤ ውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ ዝላዩን ያበርደዋል። ለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇ ተነስታ መዝለል ስትጀምር ክንዷን ይዞ «በቃ፣ በቃ» የሚል ሽማግሌ አለ አይደል? እሱ ነው። ሽማግሌው ከሞተ ለቅሶው አያባራም።

የመጀመሪያው ሱቅ ውስጥ ያለው ጎረምሳ የሚያብረቀርቅ ካርቶን አቀረበልኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ ግን አልጠፋም። «ኬ ዋይ ቢ» ማለት የነበረበት ካርቶን «ኬ ቢ ዋይ» ይላል።

«ይሄማ የጃፓኑ ካያባ አይደለም» አልኩት።

«ፋዘር፣ ያው ነው። ፊደሉ ነው የተገለበጠው።»

«ይሄን ካሰርኩማ መኪናውም ይገለበጣላ!»

ወጣን። ፋዘር መባሉ ራሱ አንድ ሌላ ሐዘን ነው፤ ይለፈኝ። ሦስተኛው ሱቅ እውነተኛውን አገኘን። ዋጋውን ሲነግረን ልጁ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ሰማይ አየሁ። የአራቱም የሁለት ወር ጡረታዬን ይጠርጋል። ስለዚህ በዚህ ወር የፊቶቹን ሁለቱን፣ በሚቀጥለው የኋላዎቹን አልን። በጥንድ መሆን አለበት፤ የቀኙን ለውጦ የግራውን መተው አንድ እግር ጫማ፣ አንድ እግር ሲሊፐር አድርጎ መሮጥ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር በግድ አስገዛሁት። ጎሚኒ። የእግሩን ክንድ ከአካሉ ጋር የሚያገናኙት ጎማዎች። ልጁ ጥቁር፣ ትንሽ፣ አስቀያሚ ነገር ነው ብሎ ናቃቸው። የድሮዎቹ ሲወጡ እንደ ደረቀ ቆጮ በእጁ ላይ ተፈረፈሩ። ጎሚኒ ሲያልቅ መሪ መዋሸት ይጀምራል፤ ወደ ቀኝ ትለዋለህ፣ እሺ ይልሃል፣ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚሄደው። ከወጪው ሁሉ ትንሹ ይሄ ነበር። አላይመንት ተሠርቶ ስንወጣ ልጁ መሪውን ይዞ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። «ሌላ መኪና ናት» አለ። እኔ አልመለስኩለትም። ደስ ያለኝ እንዳይመስለው ብዬ ወደ ውጭ አየሁ።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ወደ ሕመሜ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ ቤቱ ቀለም ቀለም ይሸታል። ብወጣ ልጁ አራቱንም ቸርኬ አውልቆ ካሊፐሩን ቀይ ቀለም እየነፋ ነው። የኋላውን ታምቡር ሳይቀር! ድንጋይ ላይ የተሰቀለችው ቪትስ ሂና የሞቀች አሮጊት መስላለች።

«ፍሬኗ ይይዛል?» አልኩት።

«አዎ፣ ግን አይታይም ነበር።»

ቀለሙ ዲስኩም ላይ ተረጭቶ ኖሮ ሁለት ቀን ሙሉ ባቆመ ቁጥር እየጨሰ፣ እየጮኸ፣ ጎረቤቱን «እሳት!» ሲያሰኝ ከረመ።

በዚህ አላበቃም። የባንኩ ጓደኞቹ ቀዳዳ ያለው ዲስክ አሳዩት መሰለኝ፣ ያለውን ዲስክ ቶርኖ ቤት ወስዶ ሊያስበሳ ተነሳ። እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቶ! የውድድር መኪና ዲስክ ቀዳዳ የሚወጣለት ፋብሪካ ውስጥ በስሌት ነው፤ ድሮ ከሸራው የሚወጣውን ጋዝ ለማስወገድና ሙቀት ለማስተንፈስ። ሰፈር ውስጥ በድሪል የተበሳ ዲስክ ግን ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያው ከቀዳዳው ነው። ዓይን እንጀራ ላይ ሲበዛ ያስመሰግናል። ዲስክ ላይ ሲበዛ አንድ ቀን አንተ ቁልቁለት ላይ ሆነህ ለሁለት ይቆረሳል። ይህንን ነግሬ ዲስኩን ጥዬ የምተኛ አይደለሁም፤ ወስጄ አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ሦስት ቀን ቪትሷ ያለ ፊት እግር ቆማ ዋለች፣ እሱም በሚኒባስ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ሌላ ሐሳብ ይዞ መጣ። የእውነተኛውን አር ኤስ የኋላ እግር ከነዲስኩ ገዝቶ መግጠም። ይሄኛው ሞኝነት አይደለም፣ የሚሠራ ነገር ነው። ግን ምን ይጨምራል? ፍሬን ስትይዝ መኪና አፍንጫዋን ትደፋለች፤ ክብደቷ ወደ ፊት ይሄዳል። ከማቆሙ ሥራ ሰባ ከመቶ ያህሉን የሚሠራው የፊት እግር ነው። ዘጠኝ መቶ ኪሎ ለማትሞላ መኪና የኋላው ታምቡር ሸራው ካላለቀና ከተስተካከለ ይበቃታል። የቤቱ ጣራ እያፈሰሰ የአጥሩን በር ነሐስ ማስለበስ ነው ነገሩ።

«ያ ጣራ የት ነው የሚያፈስሰው?» አለኝ፤ ተከራካሪ ነው።

ኮፈኑን አስከፈትኩትና የፍሬን ዘይቱን ክዳን ፈታሁት። ዘይቱ እንደ ሰነበተ ጠላ ጠቁሯል።

«ይሄ መቼ ነው የተቀየረው?»

«ይቀየራል እንዴ?»

ያን ጊዜ እኔ ራሴ ፍሬን በጠስኩ። ልጆች፣ የፍሬን ዘይት ውሃ ይጠጣል። ክረምት ከበጋ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ሲታሸግ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ከእንጦጦ ፍሬን እየረገጥክ ስትወርድ ያ ሙቀት ሩቅ አይደለም። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ እንደ ጥጥ ፍራሽ እግርህ ሥር ሰምጦ ይቀራል፣ መኪናው ይሄዳል። ኤንትሬ የንፋስ ፍሬን ስለሆነ ይሄ ጣጣ አልነበረበትም፤ የራሱ ሌላ ጣጣ ነበረበት። በሁለት ዓመት አንዴ ዘይቱን መቀየር ምን ይከብዳል? ያ የተለጠፈው «አር ኤስ» ከአንድ ቆርቆሮ ዘይት ይበልጣል፤ ደረሰኙን አይቻለሁ።

ዘይቱን ቀይረን አየሩን ለማስወጣት ልጁን ፔዳሉ ላይ አስቀመጥኩና እኔ ጎማው ሥር በጀርባዬ ተንጋለልኩ። «ጫን! ያዝ! እንዳትለቅ! በርታ… አሁን ልቀቅ! እንደገና ጫን!» እላለሁ። አረፋው እየተንተከተከ ሲወጣ ደስ ብሎኝ «መጣ! መጣ! እሰይ!» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤታችን ቆርቆሮውን አንኳኩታ «ማን ነው በሰላም የተገላገለው?» አለች። በማግስቱ ገንፎ ይዛ መጣች። ቪትሷ መሆኗ ሲነገራትም ገንፎውን አልመለሰችም፤ እኔ በላሁት። ወገቤ ግን እስካሁን ታሟል፤ ማንም አራስ ቤት አልጠየቀኝም።

አዲስ ሸራ ከፊት፣ ዲስኩ ውፍረቱ ገና ስለነበር ተስተካክሎ ተመለሰ። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ዝገው ነበርና ጠርገን በግሪስ አስገባናቸው። ቀይ ቀለሙ ቀረ፤ የሚላቀቅ ስላልሆነ ታገስኩት።

የቀረው ጎማ ነው። ልጁ በርካሽ አገኘሁ ብሎ አራት ጎማ ከነቸርኬው ይዞ መጣ። «አዲስ ናቸው፣ የ2014 ናቸው» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ ተንበረከክሁ። እያንዳንዱ ጎማ ጎኑ ላይ በትንሽ ክብ ውስጥ አራት ቁጥር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱ ናቸው። 2314 ይላል። በ2014 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት።

«በማን 2014?» አልኩት።

ዝም አለ።

«የጎማ ፋብሪካ በእኛ አይቆጥርም፣ የኔ ልጅ። በፈረንጅ ነው። በእኛ ሲመታ 2006፣ ግንቦት መጨረሻ። አንተ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ስትፈተን የተሠራ ጎማ ነው።» ጥፍሬን ጎኑ ላይ ስሰነዝር ክርክር ስንጥቁ እንደ ደረቀ ኩሬ ታየ። አሁን ያለ ጎማ ለማቆም የሚሞክር ፍሬን ምን ያደርጋል? እግሩን ይይዘዋል እንጂ መሬቱን የሚይዘው ጎማው ነው። የሸጠለትን ሰው ልንፈልገው ሄድን፤ ሱቁ ቦታው ላይ ጫማ ይሸጣል።

አዲስ ጎማ በእኔ ተገዛ። የትኛው ወር ጡረታ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሁሉ ነገር ሲያልቅ አዲሱን ሸራ ማለማመድ ነበረብኝ። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር ገና አልተዋወቀም። ከ50 ወደ 10 ገደማ፣ ሳትቆም፣ መካከለኛ አረጋገጥ፤ እንደገና 50፣ እንደገና 10፤ ስምንት፣ አሥር ጊዜ። ከዚያ እስኪበርድ ዝም ብሎ መንዳት። ልጁን አላመንኩትም። እሑድ ንጋት ላይ ራሴ ይዣት ቀለበት መንገድ ወጣሁ፤ እሱ ከጎኔ በፒጃማ።

ሰባተኛው ላይ ስደርስ ትራፊክ አስቆመኝ። ወጣት ነው፤ ጎንበስ ብሎ ጋቢዬን አየ፣ ፒጃማውን አየ።

«አባቴ፣ ደህና ነዎት? ሲሮጡ፣ ሲይዙ፣ ሲሮጡ፣ ሲይዙ ከሩቅ እያየሁዎት ነው።»

«ሸራ እያለማመድኩ ነው።»

ወደ ኋላ ወንበር አየ። «ሸራው የት አለ?»

«የፍሬን ሸራ ነው፣ ልጄ! እሷ እንድትቆም ነው፣ አንተም ባታስቆመኝ ሦስት ይቀረኝ ነበር።»

መንጃ ፈቃዴን አየ። ያወጣሁበት ዓመተ ምሕረት ላይ ሲደርስ ቀና አለ። «አሰብ ይመላለሱ ነበር?»

«ታዲያ!»

ወደ መስኮቱ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የኔም ቪትስ ናት» አለ። «ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ትጎትታለች።»

«የግራው ካሊፐር ፒኑ ዝጎ ይሆናል። ቅዳሜ ይዘሃት ና።»

እሱን ማለቴ ነው የመጨረሻው ጥፋቴ። መጀመሪያ እሱ መጣ። ከዚያ ጓደኛው። ከዚያ የልጁ የባንክ ጓደኞች፤ አንዱ ሞላው የተቆረጠ፣ አንዱ ማርሚታው የተበሳ፣ አንዱ አራት ማዕዘን የሚመስል ነገር ከኋላው ያሰቀለ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከደጃፌ እስከ ሱቁ ድረስ ተሰልፈው ያድራሉ። «ፋዘር፣ አንዴ ይጫኑልን» ይላሉ። ፓራፋንጎውን በሁለት እጄ ተጭኜ እለቀዋለሁ። አንዴ ተነስታ ከተቀመጠች አሞርዛተሩ ደህና ነው። ሁለቴ ሦስቴ ከሰገደች ሞቷል። ለዚህ አንድ ሳንቲም አይሰጡኝም። ባለቤቴ ግን ቡና በሲኒ መሸጥ ጀምራለች፤ ያችን ሞላ ማቶት አድርጋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ። ልጁ ወረፋ ያስይዛል። ቪትሷ ላይ ያለው «አር» ወድቆ «ኤስ» ብቻ ቀርታለች፤ ሊያስለጥፋት አልጠየቀም፣ እኔም አላስታወስኩትም።

ባለፈው ቅዳሜ ትራፊኩ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ የአጎቱን አሮጌ ሚኒባስ ይዞ። ጉልበቴን አሳይቼው፣ ወገቤን አሳይቼው፣ እንቢ ብዬ፣ በመጨረሻ ተነሳሁና ጥጉን ይዤ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ለቀቅኩት።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

«አባቴ፣ ስንት ደረሰ?»

«ዝም በል፣ ገና አልጨረሰም።»